ያደገች ዶሮ የዕድገት ሆርሞን ምን ያደርግላታል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በቢሾፍቱ አካባቢ ቡናማ እንቁላል ጣይ ዶሮዎችን የሚያረቡ ሰው ናቸው። ዶሮዎቹ 80 ሳምንት አልፏቸዋል፤ በቀን የሚሰበሰበው እንቁላልም ከወር ወር እየቀነሰ ሄዷል። አንድ የመድኃኒት ነጋዴ የዕድገት ሆርሞን ነው ያለውን ብልቃጥ አሳይቷቸው «ይህን ቢወጓቸው ሆርሞናቸው ይስተካከልና እንደገና ይጥላሉ» ብሏቸዋል። እሳቸውም እንዲህ ሲሉ ይጠይቃሉ፦ «ዶሮዎቹ ማደግ ካቆሙ ቆይተዋል። ታዲያ የዕድገት ሆርሞን ባደገች ዶሮ ውስጥ ሥራው ምንድን ነው? ሌሎቹን ሆርሞኖች በእርግጥ ያስተካክላል? ተወግታ ለበዓል ብትሸጥስ የሚበላውን ሰው ይጎዳል?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም፦ አይውጓቸው። ሆርሞኑ ሌሎች ሆርሞኖችን ይነካል፤ ያውም በብርቱ። የሚነካቸው ግን ነጋዴው በነገረዎት መንገድ አይደለም። ባደገች ዶሮ ውስጥ ትልቁ የሥራ ቦታው ጉበት ነው፤ እዚያም ከሁሉ በላይ የሚወስነው የታይሮይድ ሆርሞን ምን ያህል በደም ውስጥ እንደሚቆይ ነው። እንቁላል መጣልን የሚያዝዘው ሌላ ሰንሰለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ ረዘም ይላል፤ ጥያቄዎ ከብልቃጡ ጉዳይ የሰፋ ስለሆነ በአጭሩ ልቆርጠው አልፈለግሁም።

የዶሮ የዕድገት ሆርሞን 191 አሚኖ አሲዶች ተያይዘው የሠሩት ፕሮቲን ነው። የሚመረተው ከአንጎል ሥር በምትገኘው የፒቱታሪ ዕጢ የፊት ክፍል ውስጥ ነው። በዶሮ ይህ የፊት ክፍል በሁለት ሎብ የተከፈለ ሲሆን፣ የዕድገት ሆርሞን የሚሠሩት ሕዋሳት በአብዛኛው በኋለኛው ሎብ ተሰብስበው ይኖራሉ፤ ፕሮላክቲን የሚሠሩት ደግሞ በፊተኛው ይበዛሉ። ከላይ ሃይፖታላመስ ከተባለው የአንጎል ክፍል የሚመጡ ትእዛዞች ሆርሞኑን ያስለቅቃሉ ወይም ይገታሉ። ከሚያስለቅቁት አንዱ ራሱ ለዚህ ሥራ የተመደበው ጂኤችአርኤች ነው። ሌላው ቲአርኤች ይባላል፤ በሰው ዘንድ በዋናነት የታይሮይድን ሰንሰለት የሚያንቀሳቅስ ሆኖ ሳለ በዶሮ ግን የዕድገት ሆርሞንን በኃይል ያስለቅቃል። የሚገታው ሶማቶስታቲን ነው። ገና ከዚህ መጀመሪያ ላይ የዕድገት ሆርሞንና የታይሮይድ ሰንሰለት በወፎች ውስጥ ምን ያህል የተጠላለፉ እንደሆኑ ልብ ይበሉ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መጠኑ በዕድሜ ይለዋወጣል። ጫጩቷ ከተፈለፈለች በኋላ ባሉት ፈጣን የዕድገት ሳምንታት በደሟ ውስጥ ያለው የዕድገት ሆርሞን ከፍተኛ ነው። ቄብ ሆና ወደ መጣያ ዕድሜዋ ስትቃረብ በፍጥነት ይወርዳል፤ ካደገች በኋላም ዝቅ እንዳለ ይቆያል። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ባደገች ዶሮ ውስጥ ሥራ የለውም፣ ወይም አንሷታልና እንጨምርላት» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሆርሞን ብቻውን ምንም አይሠራም፤ የሚያደምጠው ተቀባይ በሕዋሱ ላይ መኖር አለበት። በዶሮ ጉበት ላይ ያለው የዕድገት ሆርሞን ተቀባይ ደግሞ ሆርሞኑ ሲወርድ እየበዛ የሚሄድ ነው። በጫጩትነት ሆርሞኑ ብዙ፣ ተቀባዩ ጥቂት፤ በጉልምስና ሆርሞኑ ጥቂት፣ ተቀባዩ ብዙ። ያደገች ዶሮ ጉበት ጥቂቷን ሆርሞን በደንብ የሚሰማ ጉበት ነው። ስለዚህ ዝቅተኛው መጠን ጉድለት አይደለም፤ የጉልምስና ተፈጥሯዊ ልኳ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የታይሮይድ ዕጢ በብዛት የሚያመነጨው ቲ4 የተባለውን፣ አራት አዮዲን ያለበትን ሆርሞን ነው። ቲ4 በራሱ ደካማ ነው። ጉልበት ያለው ቲ3 ሲሆን፣ እሱም ከዕጢው ውጭ፣ በጉበትና በኩላሊት በመሳሰሉት አካላት ከቲ4 ላይ አንድ አዮዲን ሲነሣ ይገኛል። አዮዲን የሚያነሡት ኢንዛይሞች ዲአዮዲኔዝ ይባላሉ። ከእነዚህ መካከል ሦስተኛው ዓይነት አፍራሹ ነው፦ ቲ3ን ወደማይሠራ ቁራጭ ይለውጠዋል፤ ቲ4ንም ወደማይሠራው መንገድ ይመራዋል።

በቤልጂየም የሉቨን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ኩን፣ ደኩፔር፣ ዳራስና ባልደረቦቻቸው፣ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በተከታታይ ያሳዩት ነገር የዘርፉን አስተሳሰብ ለውጦታል። ለዶሮ የዕድገት ሆርሞን ሲሰጥ በሰዓታት ውስጥ በደም ውስጥ ያለው ቲ3 ከፍ ይላል። ይህ የሆነው ግን የታይሮይድ ዕጢ ብዙ ስላመነጨ ወይም ጉበት ብዙ ቲ3 ስለሠራ አልነበረም። የዕድገት ሆርሞን በጉበት ውስጥ ያለውን አፍራሽ ኢንዛይም፣ ሦስተኛውን ዲአዮዲኔዝ፣ ስለሚቀንሰው ነው። የገንዳ ውኃ ከፍ የሚለው ቧንቧ በመክፈት ብቻ አይደለም፤ መውረጃውን በመድፈንም ከፍ ይላል። የዕድገት ሆርሞን በዶሮ ጉበት ውስጥ የሚደፍነው መውረጃውን ነው። በአይጥና በሰው የቲ3 መውጣትና መውረድ በአብዛኛው ከመመረቱ መጠን ጋር ሲያያዝ፣ በዶሮ ግን ሚዛኑን የሚያጋድለው የመፍረሱ ፍጥነት ነው። የሰውን መጽሐፍ ይዞ ዶሮን ማከም እዚህ ላይ ያሳስታል።

ቲ3 ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ወደ ፒቱታሪ ተመልሶ የዕድገት ሆርሞን እንዳይለቀቅ ይገታል። ጉበት በዕድገት ሆርሞን ትእዛዝ የሚሠራው አይጂኤፍ-1 የተባለ ሌላ ሆርሞንም እንዲሁ ወደ ኋላ ተመልሶ ይገታዋል። እንግዲህ የዕድገት ሆርሞን ቲ3ንና አይጂኤፍ-1ን ያነሣል፤ ሁለቱም ተነሥተው እሱን ያወርዱታል። ከውጭ መርፌ የሚያስገባ ሰው የሚገባው በዚህ ክብ ውስጥ ነው። የዶሮዋ አካል የሚያየው ተጨማሪ እርዳታ ሳይሆን የተዛባ ልክ ነው፤ የመጀመሪያ ምላሹም የራሱን ምርት መቀነስ ነው።

ነጋዴው የነገረዎትን ነገር በቀጥታ የሚያፈርሰው ግን ሌላ እውነታ ነው። በዶሮ ደም ውስጥ የዕድገት ሆርሞን ከፍ የሚለው መቼ ነው? ስትራብ ነው። መኖ ሲቋረጥባት ሆርሞኑ ይነሣል፤ ይህ በተለይ በወጣት ዶሮዎች ጎልቶ ይታያል። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ቲ3 ይወርዳል፣ አይጂኤፍ-1 ይወርዳል፣ ኮርቲኮስቴሮን የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ይነሣል፣ ጣይ ከሆነችም እንቁላል ማቆሟ አይቀርም። የዕድገት ሆርሞን ቲ3ን ያነሣል ካልን በኋላ ይህ እንዴት ይሆናል?

መልሱ ጉበቷ መስማት ማቆሙ ነው። በረሃብ ጊዜ በጉበት ላይ ያለው ተቀባይ ይቀንሳል፤ ሆርሞኑ ቢመጣም የሚቀበለው የለም። አይጂኤፍ-1 አይሠራም። አፍራሹ ዲአዮዲኔዝ ከቁጥጥር ወጥቶ ይበዛል፣ ቲ3ም ይፈርሳል። የሚገቱት ሁለቱ ሆርሞኖች ስለወረዱ ፒቱታሪ ያለ ልጓም የዕድገት ሆርሞን ይለቃል። ለዶሮዋ ይህ ብልህ ስልት ነው። ቲ3 ሲወርድ የሰውነቷ ሙቀት ማምረቻ ይቀዘቅዛል፣ ጉልበት ይቆጠባል፤ ከፍ ያለው የዕድገት ሆርሞን ደግሞ ስብ እንዲቀልጥ ያግዛል። መኖ ሲመለስ ሁሉም በተቃራኒው ይሄዳል፤ ቲ3 ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው። መኖ በመንሳት ላባ እንዲቀይሩ የሚደረጉ ዶሮዎች ላይ የሚታየውም ይኸው ነው። ስለዚህ በደም ውስጥ ብዙ የዕድገት ሆርሞን ያላት ዶሮ ብዙ የምትጥል ዶሮ ናት ማለት አይቻልም። እንዲያውም መኖ አጥታ መጣል ያቆመች ልትሆን ትችላለች።

ሁለተኛው ማስረጃ ከዘረመል የመጣ ነው፤ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ነው። በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው የዶሮ ዘረመል ሊቅ ሀት እ.ኤ.አ. በ1959 ከጾታ ጋር የተያያዘ ድንክነት በዶሮ ላይ በዝርዝር ጻፈ። በዚህ ዘረመል ምክንያት ሴቷ ከመደበኛዋ ከ26 እስከ 32 በመቶ ያህል ክብደት ታንሳለች፤ ወንዱ ደግሞ 43 በመቶ ገደማ ያንሳል። ምክንያቱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሞለኪውል ደረጃ ታወቀ፦ ችግሩ ያለው በዕድገት ሆርሞን ተቀባይ ላይ ነው። በተለያዩ ዝርያዎች የተለያየ ስሕተት ተገኝቷል፤ በአንዱ አንድ አሚኖ አሲድ ተለውጧል፣ በሌላው ከተቀባዩ ዘረመል ሰፊ ቁራጭ ጎድሏል። ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ ሆርሞኑ አለ፣ የሚሰማው የለም። በሰው ላይ ላሮን ሲንድሮም የሚባለው የዚህ አቻ ነው።

የእነዚህን ድንክ ዶሮዎች ደም ሲመረምሩት ከላይ የነገርኩዎት ክብ ተገልብጦ ይታያል። የዕድገት ሆርሞን ከፍተኛ፤ የሚገታው ጠፍቷልና። አይጂኤፍ-1 ዝቅተኛ። ቲ3 ዝቅተኛ፤ አፍራሹን ኢንዛይም የሚይዘው የለምና። ቲ4 ግን እንዳለ ነው፣ አንዳንዴም ከፍ ይላል። ስብ ያበዛሉ። የዕድገት ሆርሞን ባደገች ዶሮ ውስጥ የቱን ሆርሞን እንደሚያዝዝ ለማወቅ ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችው ሙከራ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ እነዚህ ዶሮዎች ይጥላሉ? ይጥላሉ። ቀላል ክብደት ባላቸው እንደ ሌግሆርን ባሉ ዝርያዎች የእንቁላሉ ቁጥርና ክብደት ይቀንሳል። ከባድ በሆኑት የሥጋ ዶሮ እናቶች ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ሁለት አስኳል ያለውና ቅርፊቱ የተበላሸው እንቁላል ስለሚቀንስ ጥሩ እንቁላል ይጨምራል። በፈረንሳይ የሥጋ ዶሮ አርቢዎች ድንክ እናት ሆን ብለው ሲጠቀሙባት የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። እናቲቱ ትንሽ ትበላለች፣ ትንሽ ቦታ ትይዛለች፤ ጫጩቶቿ ግን ከመደበኛ አውራ ዶሮ ሲገኙ መጠናቸው መደበኛ ሊባል የሚችል ነው። ሴቶቹ ጫጩቶች ዘረመሉ ያለበትን ክሮሞዞም ከአባታቸው ብቻ ስለሚወስዱ ጉድለቱ አይደርሳቸውም፤ ወንዶቹ ከአባታቸው የወሰዱት ጤነኛ ቅጂ ይሸፍንላቸዋል። የዕድገት ሆርሞንን ፈጽሞ የማትሰማ ዶሮ እንቁላል ከጣለች፣ መጣልን የሚከፍተው ቁልፍ ይህ ሆርሞን አይደለም ማለት ነው።

የእንቁላሉ ቁልፍ የት እንዳለ ባጭሩ ልንገርዎ። ብርሃን በአንጎል ውስጥ ይነበባል፤ ሃይፖታላመስ ጂኤንአርኤች የተባለውን ሆርሞን ይለቃል፤ ፒቱታሪ ኤፍኤስኤችና ኤልኤች የተባሉትን ያመነጫል፤ ኦቫሪ፣ ማለትም አስኳሎቹ የሚያድጉበት አካል፣ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ይሠራል። ትልቁ ፎሊክል (አስኳሉን የያዘው ከረጢት) የሚለቀው ፕሮጄስትሮን የኤልኤች ማዕበል ያስነሣል፤ ከዚያ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አስኳሉ ይለቀቃል። እንቁላል የማቀፍ ጠባይ ሲመጣ ፕሮላክቲን ይነሣና ይህን ሰንሰለት ያዳክመዋል። ፕሮላክቲን የዕድገት ሆርሞን የቅርብ ዘመድ ቢሆንም ሥራቸው የተለያየ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲደባለቁ ስለምሰማ ነው ይህን ማንሣቴ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የዕድገት ሆርሞን ከኦቫሪ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም ማለት አይደለም። የኦቫሪ ፎሊክሎች ተቀባዩ አላቸው፤ ከዚህም አልፎ ሆርሞኑን ራሳቸው በትንሽ መጠን ይሠሩታል። በላቦራቶሪ ውስጥ የፎሊክል ሕዋሳት ሲሰጣቸው የስቴሮይድ ሆርሞን አሠራራቸው ይለወጣል፣ የሕዋስ ሞትም ሊቀንስ ይችላል። በወንዴው ዘር ፍሬ ውስጥም እንዲሁ የአካባቢ ምርት ተገኝቷል። ይህ ግን በቦታው ተሠርቶ በቦታው የሚያገለግል ሆርሞን ነው። በጡንቻ ተወግቶ ሰውነቷን ሁሉ የሚያጥለቀልቀው ሌላ ጉዳይ ነው፤ መጀመሪያ የሚያገኘው ጉበትን ነውና።

ኮርቲኮስቴሮንም አለ። በወፎች ዋናው የጭንቀት ሆርሞን እሱ ነው፤ እንደ ሰው ኮርቲዞል አይደለም። በዘረመል ምሕንድስና የተሠራ የዶሮ ዕድገት ሆርሞን ለዶሮዎች ሲሰጥ ኮርቲኮስቴሮን ከፍ እንደሚል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ታይቷል። ኮርቲኮስቴሮን በበኩሉ በተፈለፈለች ዶሮ ውስጥ አፍራሹን ዲአዮዲኔዝ ያበዛዋል፣ ቲ3ን ያወርዳል። አንዱ መውረጃውን ሲደፍን ሌላው ይከፍተዋል ማለት ነው። እርጅና የተጫናትን ጣይ ዶሮ ይዞ መውጋት ራሱ የሚያስነሣውን ጭንቀት ጨምሩበት፤ ዶሮ ስትያዝ ኮርቲኮስቴሮን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚነሣው። በስብ ላይ ያለው ሥራም ሁለት ፊት አለው። የዕድገት ሆርሞን ስብ ያቀልጣል እንላለን፤ ነገር ግን በወፎች ኃይለኛው ስብ አቅላጭ ግሉካጎን የተባለው ሆርሞን ነው፣ የዕድገት ሆርሞን ደግሞ የግሉካጎንን የማቅለጥ ሥራ ሲገታም ታይቷል። «ይስተካከላል» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ መያዝ አይችልም።

መርፌው ተሞክሯል። በ1980ዎቹ አጋማሽ የዶሮ የዕድገት ሆርሞን በባክቴሪያ አማካይነት በብዛት መሥራት ሲቻል፣ በወተት ላሞች ላይ የታየው ዓይነት ውጤት በዶሮም ይመጣል የሚል ትልቅ ተስፋ ነበር። ጤነኛና ፈጣን አዳጊ የሥጋ ዶሮዎች ላይ የተገኘው ግን እዚህ ግባ የማይባል ነበር። በፔንስልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተደረጉት ሥራዎች አንድ ትምህርት ሰጡ፤ ሆርሞኑ በተፈጥሮ በየጊዜው እየዘለለ የሚለቀቅ ስለሆነ፣ በደም ሥር በዚያው አኳኋን በየተወሰነ ጊዜ ሲገባ በቄቦች ላይ መጠነኛ ጥቅም ታየ፤ ያለማቋረጥ ሲፈስ ግን አልታየም። ከጊዜ በኋላ በተደረገው ደግሞ ለረዥም ጊዜ ከፍ ተደርጎ የቆየ የዕድገት ሆርሞን አፍራሹን ኢንዛይም አውርዶ ቲ3ን ከፍ አደረገ፤ የጡንቻ ዕድገትም ቀነሰ። ቲ3 ከልክ ሲያልፍ ሰውነት የራሱን ሥጋ ያቃጥላል። ይህን ለማግኘት እንኳ በደም ሥር የገባ ቱቦና የሰዓት መቆጣጠሪያ ያለው ፓምፕ አስፈልጓል። በሺህ የሚቆጠር ዶሮ ባለበት ቤት ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሰው አላውቅም።

የእርስዎ ዶሮዎች ላይ ከዚህ የባሰ ሊመጣ የሚችል ነገር አለ። የታይሮይድ ሆርሞን በብዛት ሲሰጣቸው ዶሮዎች ላባ እንደሚያረግፉና መጣል እንደሚያቆሙ ከመቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ የታወቀ ነው። የዕድገት ሆርሞን መርፌ የሚያነሣው በትክክል ይህንኑ ቲ3 ነው። ለአጭር ጊዜ ብቻ ከፍ ቢል ላባ ላያስረግፍ ይችላል፤ ግን ገንዘብ ከፍለው የሚገዙት አቅጣጫ ከሚፈልጉት ተቃራኒ ነው።

ስለ ብልቃጡ ራሱም ልናገር። ለዶሮ አርቢ ገበያ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ሕጋዊ የሆነ የዶሮ ዕድገት ሆርሞን እስካሁን አላጋጠመኝም። በአሜሪካ ለዶሮ ሆርሞን መስጠት ክልክል ነው፤ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በአንገት ቆዳ ሥር ይቀበር የነበረው ዳይኤቲልስቲልቤስትሮል የተባለ ሰው ሠራሽ ኤስትሮጅን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1959 ከዶሮ ተነሥቷል። እንግዲህ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ከሦስት አንዱ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ለወተት ላም የሚሠራው የከብት ዕድገት ሆርሞን ነው፤ በአንዳንድ አገሮች ለላም የተፈቀደ፣ በአውሮፓ ኅብረት የተከለከለ ነው። ይህ በዶሮ ጉበትም በተወሰነ ደረጃ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ከላይ የተናገርኩትን ነው። ፕሮቲን በመሆኑም ቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ ይበላሻል፤ በመደርደሪያ ላይ ሲሞቅ የከረመ ከሆነ የቀረው ውኃ ነው። ሁለተኛው እንደ ኤስትሮጅን ያለ የጾታ ስቴሮይድ ነው፤ እሱ ደግሞ ፒቱታሪን ገትቶ መጣልን የባሰ ያቆማል። ሦስተኛው ቫይታሚን ብቻ ነው። ሦስተኛው እንዲሆን እመኛለሁ፤ ቢያንስ የሚጎዳው ኪስዎን ብቻ ነው።

በዚህ አጋጣሚ «የፈረንጅ ዶሮ በሆርሞን ነው የምትወፍረው» የሚለውን ወሬ ላንሣው። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ከ1957፣ ከ1978 እና ከ2005 እ.ኤ.አ. የመጡ የሥጋ ዶሮ ዝርያዎችን አንድ ዓይነት መኖ ሰጥቶ ጎን ለጎን አሳድጎ ነበር። በ56 ቀን የመጀመሪያዎቹ 905 ግራም፣ ሁለተኛዎቹ 1,808 ግራም፣ ሦስተኛዎቹ 4,202 ግራም መዘኑ። ልዩነቱን ያመጣው የመራባት ምርጫ እንጂ መርፌ አይደለም። እንዲያውም ፈጣን አዳጊ የሥጋ ዝርያዎች በደማቸው ውስጥ ያለው የዕድገት ሆርሞን በተመሳሳይ ዕድሜ ካሉት እንቁላል ጣይ ዝርያዎች ዝቅ ብሎ ይገኛል። ይህን ስናገር የማያምነኝ ሰው ብዙ ነው።

ደም አስወስደው የሆርሞን ምርመራ ለማድረግ ካሰቡም ይተዉት። የዕድገት ሆርሞን እየዘለለ ስለሚለቀቅ የአንድ ጊዜ ናሙና ምንም አይነግርዎትም፤ ዘለላው ላይ ቢያገኙት ከፍ ያለ፣ በመሐል ቢያገኙት የለም የሚያሰኝ ይሆናል።

ወደ ቤትዎ ጉዳይ ስንመለስ፣ ዶሮዎችዎ ከ80 ሳምንት በላይ ናቸው። በዚህ ዕድሜ ወደ እንቁላል ሰንሰለት የሚገቡት ፎሊክሎች ይቀንሳሉ፤ በአንዱና በሚቀጥለው እንቁላል መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል፤ ቅርፊቱም ይሳሳል። ይህን የሚመልስ መርፌ የለም። ቅነሳው ቀስ ያለ ከሆነ ዕድሜ ነው። በድንገት ከሆነ ግን ምክንያት ይፈልጉ። መጀመሪያ የማየው መብራቱን ነው። በአገራችን ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ስለማይርቅ እስከ 16 ሰዓት የሚያደርሰው የአርቢው መብራት ነው፤ ኤሌክትሪክ ለተከታታይ ምሽቶች ተቋርጦ ከነበረ ለዶሮዋ አንጎል ቀኑ አጠረ ማለት ነው። ቀጥሎ መኖው። ለጣይ ዶሮ ካልሲየሙ ከ3.5 እስከ 4.5 በመቶ መሆን አለበት፤ ለአሮጌዎቹ ወደ ላይኛው ቢጠጋ፣ ግማሹም ያልደቀቀ የኖራ ድንጋይ ወይም ዛጎል ቢሆን ይሻላል። መኖ አንድ ሁለት ቀን ቢቋረጥ ምን እንደሚከተል ከላይ አይተናል፤ የዕድገት ሆርሞናቸው ከፍ ይላል፣ እንቁላሉ ይጠፋል። ከዚያ የፈንግል ክትባት ታሪካቸውን፣ በሌሊት በቆጥ ላይ ደም መጣጭ ተባይ መኖር አለመኖሩን ይዩ። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ እንቁላሉ የመኖውን ወጪ የማይሸፍን ከሆነ፣ በበዓል ሰሞን መሸጥና አዲስ ቄብ ማስገባት ነው የሚያዋጣው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ ተወግታ ብትሸጥ ሰው ይጎዳል ወይ የሚለው ነው። በውስጡ ያለው በእርግጥ የዕድገት ሆርሞን ከሆነ የሚበላውን ሰው አይነካም። ፕሮቲን ነውና በወጡ እሳት ይበላሻል፣ የተረፈው በሆድ ይፈጫል፤ በዚያ ላይ የሰው ተቀባይ የዶሮንም ሆነ የላምን የዕድገት ሆርሞን አይቀበልም። በመኖ ወይም በውኃ የሚሰጥ የዕድገት ሆርሞን ዶሮዋንም የማይሠራላት በዚሁ ምክንያት ነው። የጾታ ስቴሮይድ ከሆነ ግን በእሳት አይጠፋም፣ በስብም ውስጥ ይቆያል፤ ዳይኤቲልስቲልቤስትሮል በ1959 የተነሣው በሥጋው ውስጥ ቅሪቱ በመገኘቱ ነበር። የትኛው እንደሆነ ከብልቃጡ መልክ እርስዎም እኔም መለየት አንችልም። ጥቂቶቹን ለሙከራ ወግተው ከሆነ ለይተው ያስቀምጧቸው፤ እነሱንም እንቁላላቸውንም ለገበያ አያውጡ፤ ብልቃጡን ከነመለያ ጽሑፉ ይዘው በአቅራቢያዎ ላለ የእንስሳት ሐኪም ያሳዩ።